ከእጀታው እስከ ጫፉ

ኅዳር ፱ ቀን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ፣

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አክስቴ ነፍሷን ይማርና «ደህና ነኝ ብቻ ደብዳቤ አይባልም» ትል ስለነበር ዝርዝሩን እጽፋለሁ።

አሁንም እዚያው ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው። ከጥር በኋላ ዛፍ ማዳቀል እንጀምራለን። የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ ሰያፍ ቆርጠን ከሌላው ግንድ ጋር አጋጥመን በላስቲክ እናስረዋለን። ቁርጡ እንደ መስታወት ልሙጥ ካልሆነ አይያያዝም፣ ይደርቃል። ጣቢያው የሚሰጠን ቢላዋ ደግሞ ቅቤም አይቆርጥ። አምና መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ሁለት ሳምንት ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ ጋሼ፣ በእጅዎ አንዲት ሰንጢ እንዲሠሩልኝ ልለምንዎ ነው።

ሕጉን አስቀድሜ ልንገርዎ፣ እዚህ ሰንጢም ሕግ አለው። እኔ በምኖርበት ከተማ በኪስ የሚያዝ ሰንጢ የሚታጠፍ መሆን አለበት። ሲከፈት የሚቆለፍ አይሁን። ስለቱም ከእጀታው እስከ ጫፉ ከሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል አይለፍ። ካለፈ «ለምን ያዝሽ?» ይባላል፣ በቂ ምክንያት ከሌለ ክስ ነው። ችግኝ ጣቢያው ግን ከድልድዩ ማዶ ነው፣ የማዶው ከተማ እስከ አሥር ይፈቅዳል። አንድ ሰንጢ አውቶቡሱ ወዲያ ሲሻገር ጨዋ፣ ወዲህ ሲመለስ ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው። አብራን የምትሠራ «መነጽሯ» የምንላት ሴትዮ አለች፣ ሹፌሩን «ድልድዩ መሃል ላይስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። «እኔ አውቶቡስ ነው የምነዳው፣ ሕግ አልነዳም» አላት።

ከዚህ ወረቀት ግርጌ በማስመሪያ ያሰመርኳት መስመር ልክ ሰባት ተኩል ናት። ስለቱን እላይዋ ያስተኙት። ጫፉም ድቡልቡል ይሁን፣ ለማዳቀል ሹል አያስፈልግም። አደራ ጋሼ፣ «ትንሽ ልጨምርላት» እንዳይሉ፤ ልግስናዎን አውቀዋለሁ።

አድራሻዬ ተቀይሯል፣ ከፖስታው ጀርባ አለ። የበፊቱ ቤት ደረጃው አልተስማማኝም።

እንደ አባት ያሳደጉኝ የአክስቴ ባል፣ ጉልበትዎን ስሜ ተሰናበትኩ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ ፲፬ ቀን

ለልጄ፣

የሰማይ አምላክ መግቢያሽንና መውጫሽን ይባርክ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። ደብዳቤሽ በሃያ ስድስት ቀኑ ደረሰኝ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ «አባባ፣ በየቀኑ ስለመጡ ደብዳቤው አይፈጥንም» ቢለኝም በየቀኑ መሄዴን አልተውኩም። ለጉልበቴም መንገዱ ይሻለዋል።

ጉልበቴ ያው ነው። ሳሉ ሄዷል። ሥራዬ እንደምታውቂው ነው፦ አንድ ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከግድግዳው ማዶ አናጢው ጎረቤቴ። እሱ ሲጋዝ እኔ እሞርዳለሁ፣ ስንነጋገር ሁለታችንም እንጮሃለን።

ሕጉን አነበብኩለት። «ሰባት ሳንቲ ተኩል!» አለና መጋዙን አቆመ። «ታዲያ ክፉ ሰው በስድስት ሳንቲ ደግ ይሆናል?»

«እኔ አልደነገግኩት» አልኩት።

«ባይሆን ያንተን ቢላዋ የሚፈራ መንግሥት መኖሩን ዛሬ አወቅን። እዚህስ ዋጋውን ብቻ ነው የምንፈራው።»

ሳቅን። ሥራውን ግን በደስታ እሠራዋለሁ፣ ልጄ። ከጭነት መኪና ሞላ የተረፈ ጥሩ ብረት አለኝ። ለቀጭን ስለት ይሆናል ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። በሁለት ዓመት ሦስት ቤት ቀየርሽ። ደረጃ የማይስማማው እንደኔ ያለ ጉልበተ ደካማ ነው፣ አንቺ ልጅ እግር ነሽ። የደረጃው ነገር ምንድን ነው?

በጸሎቴ ውስጥ ነሽ።

ጋሼሽ


ጥር ፮ ቀን

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልኝ። አናጢውን ሰላም ይበሉልኝ፣ ቀልዱን ለመነጽሯ ነግሬያት ከወንበር ልትወድቅ ነበር።

የደረጃው ነገር ምንም አይደለም። ከታችኛው ፎቅ የሚኖር ሰውዬ ደረጃው ላይ መቀመጥ ይወድ ነበር፣ በቃ። ሲቀመጥ መንገዱን ይይዛል። አሁን ቤት ቀይሬያለሁ፣ አሳብ አይግባዎ። እዚህ ሰዎች ሁሉ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ።

ይልቅ ሰንጢዋ! አለቃችን ሥራው በየካቲት አጋማሽ ይጀመራል ብሏል። ቢፈጥኑልኝ ደስታዬ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ግንዶቹን እየለየን ቁጥር እንለጥፋለን፣ ጣቴ በብርድ ስለሚደነዝዝ ሰባትን እንደ አንድ እየጻፍኩ መሳቂያ ሆኛለሁ።

በዚህ ደብዳቤ ብዙ አልጽፍም፣ አውቶቡሱ ደረሰ። አሁን በሁለት አውቶቡስ ነው የምሄደው፣ ዞሮ የሚሄደው ይሻለኛል።

ልጅዎ


የካቲት ፪ ቀን

ለልጄ፣

ቸሩ አምላክ ከዓይን ያውጣሽ።

ሰንጢውን ዛሬ ልኬልሻለሁ። ጥቅሉ ላይ «የእርሻ መሣሪያ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ጉምሩክ ቢከፍተውም ግድ የለም። እጀታው የወይራ እንጨት ነው፣ በእጅሽ ላብ እየጠቆረ ይሄዳል። በሳምንት አንዴ ዘይት ቀቢው።

ልኩን ጨርሼዋለሁና መለካት አያስፈልግሽም።

በቦርሳ አትያዢው፣ በኮትሽ ኪስ ይሁን። ሥራ በሌለሽ ቀንም ቢሆን ከኪስሽ አይጥፋ። ብረት ሲተዉት ይዝጋል።

ለምን ዞሮ በሚሄደው አውቶቡስ ትሄጃለሽ?

ጋሼሽ


መጋቢት ፫ ቀን

ይድረስ ለእጀ ወርቁ ጋሼ፣

እልፍ ምስጋና! እንዴት ብዬ ልንገርዎ? የመጀመሪያውን ቀንበጥ ስቆርጥ ቆረጥኩ ብዬ አላመንኩም። ቅርፊቱ ድምፅ እንኳ አላሰማም። በአንድ ቀን መቶ አርባ ችግኝ አዳቅዬ አለቃችን ሁለቴ ቆጠረ። ሴቶቹ ሁሉ «አጎትሽ ሚስት ይፈልጋል ወይ?» እያሉኝ ነው። መነጽሯ ደግሞ «እኔ አጎቷን አልፈልግም፣ ሰንጢውን ብቻ አግቡልኝ» አለች።

ጫፉ ግን ሹል ነው ጋሼ። ረሱት እንዴ? አውራ ጣቴን ሁለቴ ወጋኝ፣ አሁን የጠርሙስ ቡሽ ሰክቼበታለሁ። መነጽሯ አየችውና «ለካሽው?» አለችኝ። «የጋሼ እጅ ራሱ ማስመሪያ ነው» አልኳት። «ማስመሪያም ይሳሳታል» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እሷ ሁሉን ነገር የምትጠራጠር ሴት ናት፣ ሻይ እንኳ አሽትታ ነው የምትጠጣው።

እንዳሉኝ ሁልጊዜ በኮቴ ኪስ ነው። ስነካው ቤት ያለሁ ይመስለኛል።

የመኖሪያ ፈቃዴ በዚህ ወር ያበቃል። ለማሳደስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ


መጋቢት ፲፱ ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናዎን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። መልስዎን ሳልጠብቅ እንደገና የምጽፈው ቸግሮኝ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ እረፍቴ ስለነበረ ፈቃዴን ላሳድስ ሄድኩ። በሩ ላይ ብረት የሚለይ ማሽን አለ። ጮኸ። ኪሴን አራገፍኩ፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሰንጢው። እውነቴን ነው ጋሼ፣ ምንም አልፈራሁም። «የሥራ መሣሪያዬ ነው፣ በሕጉ ልክ የተሠራ ነው» አልኩ። ጥበቃው ትሕትና ያለው ሰው ነው፣ ከመሳቢያው የብረት ማስመሪያ አወጣና ፊቴ ለካው። ከእጀታው እስከ ጫፉ ስምንት ከዘጠኝ። አንድ ሳንቲ ከአራት ሚሊ ይበልጣል። እንደገና እንዲለካ ጠየቅኩት፣ ለካ። ያው ነው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር።

ፖሊስ መጣ። «ዛሬ ሥራ ላይ ነሽ?» አይደለሁም። «ታዲያ ለምን ያዝሽው?» ሰንጢውን ወስደው የክስ ወረቀት ሰጡኝ።

ፍርድ ቤት የምቀርበው ግንቦት ሃያ ስምንት ነው። እስከዚያ የፈቃድ ማመልከቻዬ ታግዷል። ከተፈረደብኝ ፈቃዱ አይታደስም፣ ካልታደሰ ሥራውም መኖሪያውም የለም። አገሩን መልቀቅ ነው። በነፃ የምታግዘኝ ጠበቃ አግኝቻለሁ። ሠሪው ራሱ «ለማዳቀል የተሠራ መሣሪያ ነው፣ እንዲህ አድርጌ ነው የለካሁት» ብሎ ቢጽፍ ይረዳል ብላኛለች።

ጋሼ፣ ምናልባት ከእርስዎ ዘንድ አለካኩ ሌላ ነው? በወረቀቱ ላይ ያሰመርኩት መስመር ጠፍቶ ይሆን? እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። በየቀኑ የመልእክት ሳጥኑን ሁለቴ እከፍታለሁ። ከሥራ ስመለስም፣ ከመውጣቴ በፊትም።

ልጅዎ


ሚያዝያ ፲፩ ቀን

ለልጄ፣

የተጨነቁትን የሚያሳርፍ አምላክ ያሳርፍሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ቀን ሆነው። እስካሁን ያልጻፍኩት ትንሽ አሞኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቢላዋ ሠሪዎች የምንለካው የተሳለውን ብቻ ነው። ከእጀታው ሥር ያልተሳለ አንገት አለ፣ እሱን አንቆጥረውም። የሚቆርጠው ነው የሚለካው። ስለዚህ የተሳለው ሰባት ተኩል ነው፣ ስህተቱ የአለካክ ነው። ይህንኑ በሌላ ወረቀት ጽፌ ፈርሜ ልኬልሻለሁ፣ ለጠበቃዋ ስጪያት።

አናጢው ይህን ስጽፍ በትከሻዬ ላይ አየና «እኔ እንኳ በሃያ ዓመት ውስጥ አንገቱን ትተህ ስትለካ አላየሁህም» አለኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

አይዞሽ።

ጋሼሽ


ግንቦት ፬ ቀን

ጋሼ፣

ጠበቃዋ ወረቀትዎን ስታነብ ፊቷ በርቶ ነበር። ሰንጢውን ከፖሊስ ጣቢያ አስወጥተን እንድናየው አስፈቀደች። የተሳለውን ብቻ ለካችው። ስምንት። አንገቱን ትተንም ስምንት ነው። ማስመሪያውን አንስታ ቀና ብላ አየችኝ።

ጋሼ፣ መስመሯን አስምሬ ልኬልዎ ነበር። ጫፉ ድቡልቡል ይሁን ብዬ ጽፌ ነበር። «መለካት አያስፈልግሽም» አሉኝ፣ አልለካሁም። «ከኪስሽ አይጥፋ» አሉኝ፣ አላጠፋሁም።

ያንን ወረቀት ለዳኛ አልሰጥም። ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ማቅረብ አልችልም። እርስዎ ያሳደጉኝ እንዲህ አድርገው አይደለም።

ዳኛዋ ልኩ ለምን በዛ ብላ ብትጠይቀኝ አላውቅም እላለሁ፣ እውነትም አላውቅም። እረፍት ቀን ለምን በኪስሽ ሆነ ብትለኝ ደግሞ ዝም እላለሁ። አጎቴ ነው ያለኝ ብዬ የእርስዎን ስም አላነሳም።

የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ከሌለም ይኸው ይሁን። በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ፣ በሳምንት ይደርሳል ብለውኛል። እርስዎም በዚያው ይላኩት፣ ቀኑ ቀርቧል።

ልጅዎ


ግንቦት ፲፪ ቀን

ልጄ ሆይ፣

ምርቃቱን ዛሬ ከፊት አላስቀድምም። መጀመሪያ ልናገር።

አውቄ ነው።

አንቺ ያሰመርሻት መስመር አልጠፋችም። ወረቀቱን ከመሥሪያዬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስለቱን ላይዋ አስተኛሁት። ገና ጫፉን አላወጣሁለትም ነበር፣ መስመሯን አልፎ ነበር። መቁረጥ ነበረብኝ። ሞረዱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ጫፉን አሾልኩ። ድቡልቡል ይሁን ማለትሽን አልረሳሁም። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ አባታችን ሆይ እላለሁ፣ ያን ቀን አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም። አሁን እንደማውቀው ለራሴ ላቀርበው የሚገባኝን ጥያቄ ስለሸሸሁ ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን ዙሪያውን ነው የተናገርኩት።

አክስትሽ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ በምትሠራበት ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነበር የምትወጣው። በጀርባ አጥሩ በኩል የሚያልፍ መንገድ አለ። አንድ ሰው እዚያ ይቆማል አለችኝ። «ይቁማ፣ መንገድ የመንግሥት ነው» አልኳት። ሌላ ቀን ደግማ ነገረችኝ። «አንቺን ብሎ ነው የቆመው? በዚህ እድሜሽ?» ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች፣ እኔን ደስ ይበለው ብላ ነው የሳቀችው። በሦስተኛው እኔ ልሸኝሽ አላልኩም፣ በፊት በር ዙሪ አልኳት። የፊት በሩ በዚያ ሰዓት እንደማይከፈት ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። በአራተኛው የእጇ አንጓ ተሰብሮ መጣች። ቦርሳዋን ሲነጥቃት ጥሏት ነው አለች። እንደዚያ አለች፣ እኔም እንደዚያ ይሁን ብዬ ተቀበልኩ። ሌላ አልጠየቅኳትም። መስማት ፈርቼ ነው።

በዚያ እጇ ከዚያ ወዲህ ልብስ መጭመቅ አልቻለችም። እኔ ነበርኩ የምጨምቅላት። አንቺ ሕፃን ሳለሽ «ጋሼ ልብስ የሚጨምቅ ወንድ ነው» እያልሽ ለጎረቤት ታወሪ ነበር፣ እኛም እንስቅ ነበር። እስክትሞት አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ «ደረጃው አልተስማማኝም» ብለሽ ስትጽፊ፣ ቀጥሎ «ሰውዬ»፣ ቀጥሎ ዞሮ የሚሄደው አውቶቡስ ስትይ፣ እኔ አነበብኩት። አንዴ ጠየቅኩሽ፣ አልነገርሽኝም። እንደገና መጠየቅ ነበረብኝ። በግልጽ «ልጄ፣ ሰውዬው ምን አደረገሽ?» ማለት ነበረብኝ። ያን ለማለት አፌ ከበደኝ፣ እጄ ግን ቀለለኝ። ብረቱን አረዘምኩት።

ለአንቺ ብዬ የሠራሁት መስሎኝ ነበር። ሳስበው ለራሴ ነው። አንቺ ሥራ መሥሪያ ጠየቅሽኝ፣ እኔ ፍርሃቴን በወይራ እጀታ ገጥሜ ላክሁልሽ። አንቺን ሳልነግር፣ ልክሽን እያወቅኩ፣ ሕጉን እያወቅኩ። ይባስ ብሎ ከኪስሽ አይጥፋ አልኩሽ። ይባስ ብሎ ደግሞ ስትያዢ ስለ አንገት ተረት ፈጠርኩ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባል የለ? እኔ ግን ገመዱን ባንቺ ነው ያሳጠርኩት።

አናጢውን ይቅርታ ጠየቅኩት። «የሞረድህን ጩኸት ታግሼ ኖሬያለሁ፣ አንገት ያለውን ውሸትህን አልታገስም» አለኝና የሰነበተ ዝምታችንን በአንድ ቃል ጨረሰው።

ለዳኛዋ አዲስ ወረቀት ጽፌያለሁ፣ እዚህ ውስጥ አለ። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት ቢላዋ ሠሪ፣ ይህችን ሰንጢ የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩልና ድቡልቡል ጫፍ ብላ በጽሑፍና በመስመር አዛኛለች። ደብዳቤዋ በእጄ አለ፣ ግልባጩን አያይዣለሁ። እኔ ለደህንነቷ ሰግቼ፣ ሳልነግራት አርዝሜ አሹዬዋለሁ። እንዳትለካ የነገርኳት፣ ሁልጊዜ በኪሷ እንድትይዝ ያልኳትም እኔ ነኝ። ቀድሞ በጽሑፍ የሰጠሁት ስለ አለካክ የሚናገረው ቃል ሐሰት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እኔ ሕግ አላውቅም። «ለደህንነቷ» የሚለው ቃል ይጎዳሽ እንደሆነ ጠበቃዋን ጠይቂ። የሚጎዳሽ ከሆነ ቅደጂው። እውነቱን ለአንቺ መናገር የእኔ ዕዳ ነበር፣ ለዳኛ ማቅረብ አለማቅረብ ግን የአንቺ ነው። በዚህ ጊዜ በአንቺ ፈንታ አልወስንም።

ይቅር በይኝ። አሁን እመርቃለሁ፦ እግዚአብሔር የተናገርሽውን የሚሰማ ሰው ይስጥሽ።

ጋሼሽ


ሰኔ ፭ ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎ ችሎት ሊውል ሦስት ቀን ሲቀረው ደረሰ። አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት፣ ፌርማታዬን አልፌ ከተማው ዳር እስኪደርስ አልወረድኩም። ተናድጄ ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም፣ ይህን መዋሸት አልፈልግም።

ጠበቃዋ «ለደህንነቷ» በሚለው ቃል ላይ ብዙ አሰበች። ለመከላከያ ተብሎ የተያዘ ነገር እዚህ መሣሪያ ነው፣ አጭር ቢሆንም። «አንቺ ለዚያ አስበሽ ነበር?» አለችኝ። አላሰብኩም፣ ለቀንበጥ ነው የያዝኩት። «እንግዲያው የሠሪው አሳብ የእሱ ነው፣ እንስጥ ወይስ እንተው?» አለች። እንስጥ አልኩ።

ዳኛዋ ሽበታም ሴት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። አስተርጓሚው አጠገቤ ቆመ። ኅዳር ላይ የጻፍኩልዎትን ደብዳቤ ግልባጭ አንስታ የራሷን ማስመሪያ በመስመሯ ላይ አስቀመጠች። «ይህ ልክ ሰባት ተኩል ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ሲደርስሽ ለምን አልለካሽውም?»

«የአጎት ሥራ አይለካም» አልኩ።

አስተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት ፈገግ አለ። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም። «ከእንግዲህ ለኪ» አለች።

አልተፈረደብኝም። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ መዝገቡ ተዘጋ። የፈቃድ ማመልከቻዬም ታይቶ ታድሷል፣ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ለሁለት ዓመት አይደለም፣ ለስምንት ወር ነው። ከዚያ እንደገና እታያለሁ።

ሰንጢውን በተመለከተ፣ ወይ ይወገድ ወይ በፖሊስ ፊት በሕጉ ልክ ይጠር ተባልኩ። ይጠር አልኩ። በፖሊስ ጣቢያው ጋራዥ ውስጥ የሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ አለ። እዚያ ያለው መካኒክ ስለቱን ገልጦ አየና «እኔ እንዲህ ያለ ሥራ አላበላሽም፣ ራስሽ አበላሺው» ብሎ መነጽሩን ሰጠኝ። ራሴ ሞረድኩት። አንዱ ፖሊስ ማስመሪያ ይዞ ከጎኔ ቆሞ «ትንሽ ይቀራል፣ ትንሽ ይቀራል» ይላል። ውኃ ውስጥ እየነከሩ ማቀዝቀዝ እንዳለ ማን ነገረኝ? ከጫፉ ወደ ውስጥ ሰማያዊ ሆነ። ፖሊሱ «ቆንጆ ቀለም አወጣ» አለኝ። ልኩ ሰባት ከአራት ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ በሁለቱም ከተማ ያልፋል። እንደ በፊቱ ግን አይቆርጥም። ከሃያ ችግኝ በኋላ ይደንዛል። መነጽሯ «አሁን እንደኛ ሆንሽ» ብላ ደስ አላት።

ስለ አክስቴ የጻፉልኝን አራት ጊዜ አነበብኩ። እጇን አውቀዋለሁ፣ ጸጉሬን ስትሠራኝ ያ እጇ ነበር የሚደክማት። ሲያማት ነበር ለካ በግራዋ የምትጨርሰው።

ጋሼ፣ ስለ ሰውዬው አንዴ ጠየቁኝ፣ እኔም አሳብ አይግባዎ አልኩ። እንደዚያ ስል ደግመው እንዲጠይቁኝ ነበር። ዘመድ ሲርቅ እንዲህ ነው መሰለኝ፣ አንዱ ይሸሽጋል፣ ሌላው እንዳልገባው ይሆናል። ሰንጢ ልከው ዝም ከሚሉኝ ጠይቀው ቢሰሙኝ እመርጣለሁ። ይጠይቁኝ፣ እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ


ሰኔ ፲፫ ቀን

ለልጄ፣

ያዘነችውን የሚያጽናና፣ የተናገረችውን የሚያደምጥ ጌታ ከአንቺ ጋር ይሁን። መዝገቡ በመዘጋቱ ተንበርክኬ አመሰገንኩ፣ ጉልበቴም ለአንድ ቀን ምንም አላለኝም። ስምንት ወሩ ግን ያሳስበኛል፣ አላሳሰበኝም አልልሽም።

ብረቱ ሰማያዊ የሆነው ሙቀቱ ጥንካሬውን ስለበላው ነው። አይመለስም። ጠዋት ጠዋት ስትወጪ በመሳያ ድንጋይ አሥር ጊዜ ሳብ አድርጊው፣ እስከ ምሳ ያደርስሻል። ብዕሬ «መልሰሽ ላኪልኝ፣ አዲስ ልሥራልሽ» ብሎ ሊጽፍ ነበር፣ ያዝኩት። አዲስ ከፈለግሽ አንቺ ታዢኛለሽ። ልኩን እጽፍልሻለሁ፣ አንቺም ሲደርስሽ ትለኪዋለሽ።

መቆጣትሽ ተገቢ ነው። እስኪበርድልሽ ጊዜ ውሰጂ፣ አላቻኩልሽም።

አሁን እጠይቅሻለሁ። ዛሬ ሥራ ዘግቻለሁ፣ አናጢውም መጋዙን አቁሟል፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። በደረጃው ላይ የነበረው ሰውዬ ምን አደረገሽ? ማን ነው? አሁን ያለሽበትን ቤት ያውቀዋል? ለፖሊስ ነግረሻል? ካልነገርሽ ለምን? ልትጽፊው የሚከብድሽን ቦታ ዝለይውና በሌላ ቀን ተመለሺበት። በአንድ ደብዳቤ ካላለቀ በሦስት ይሁን። የምትጽፊውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፣ ሳልጨርስ ምንም አልሠራም።

ከነገ ጀምሮ ፖስታ ቤት እገኛለሁ።

ጋሼሽ